ቤት ቀይሪ ብለው ከመከሯት አንዱ እኔ ነኝ

ዛሬ የምጽፈው ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዤዋለሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ራሴንም ይነካል። እናትየዋን አስፈቅጃለሁ። ስሟንም የልጇንም ስም አልጠራም፤ ኢስሊ ውስጥ የትኛው ፕሎት እንደሚኖሩም አልናገርም። የምታውቋቸው ካላችሁ ኮመንት ላይ እንዳትጠቅሱ አደራ።

ባለፈው ማክሰኞ ማታ ደወለችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ እንደገና ልቀቂ ተባልኩ» አለችኝ። አላለቀሰችም። ኬርቴከሩ በሯ ድረስ መጥቶ እስከ ወር መጨረሻ ነው ያላት፤ በእጁ ጎረቤቶች የፈረሙበት ወረቀት ይዟል። አሥራ አንድ ፊርማ አለበት። አራቱ የኛው ሐበሾች ናቸው። ከአራቱ አንዱ አበልጄ ነው፤ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት ሰው።

በአራት ዓመት ውስጥ ይህ ሦስተኛ ቤቷ ነው።

ልጇ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለው። አይናገርም። ደስ ሲለው ያንጎራጉራል፤ ሲጨንቀው ጆሮውን ይዞ ይጮሃል። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ከሁሉም በላይ የሚወደው የሚፈስ ውሃ ድምፅ ነው። ቧንቧ ካየ ይከፍተዋል፤ ከፍቶም እጁን ከሥሩ ዘርግቶ ይቆማል።

ኢስሊ የምትኖሩ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷችኋል። ውሃው በፈረቃ ነው፤ ታንከሩ የመላው ፕሎት ነው፤ ሲያልቅ ጀሪካን በገንዘብ ነው። ስለዚህ ጎረቤቶቹ ምንም ምክንያት የላቸውም አልልም። ቀን ሙሉ ሸቀጥ ሲሸከም የዋለ ሰው ሌሊት ከግድግዳው ማዶ ጩኸት ሲሰማ ይናደዳል። በጠዋት ተነስቶ ባዶ ታንከር ያገኘም ይናደዳል። አንድ ቀን ደግሞ ልጁ ደረጃ ላይ የሰው ሕፃን ገፍቶ የሕፃኑ ከንፈር ተሰንጥቋል። ይህን የነገረችኝ እናትየዋ ራሷ ናት። ሕፃኑን አሳክማለች፤ ወላጆቹንም ይቅርታ ጠይቃለች። ቅሬታ ማቅረብ የማንም ሰው መብት ነው። እኔን ያስጻፈኝ ከቅሬታው በኋላ የመጣው ነው።

መጀመሪያ ሰላምታ ቀረ። ቀጥሎ ቡና ሲፈላ መጠራት ቀረ። ከዚያ እጣቢ በሯ ላይ መደፋት ጀመረ። ልጁ ዝም ባለበት ሌሊት እንኳን በሩን በብረት ደብድበው ይሮጣሉ። «ሰይጣን ያለበት»፣ «ጅሉ»፣ «እሰሪው እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ» ይሏታል። እሰሪው ያሏት ሴትዮ ራሳቸው አምስት ልጅ ያሳደጉ ናቸው። እህቱ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሰፈር ልጆች የወንድሟን ድምፅ እያስመሰሉ ደረጃውን ሙሉ ይከተሏታል። አሁን እናቷ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነው የምትቀመጠው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ዘበኛ ሆናለች ማለት ነው።

ከዚያ ቪዲዮው መጣ። ጎረምሶች ልጁ ከሽንት ቤት ሲመለስ ጠብቀው ጆሮው ሥር ፊሽካ ነፉበት። ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ሲወድቅ ቀረጹት። ሙዚቃም ጨመሩበት። ያ ቪዲዮ እዚህ ከተማ ያለን ሐበሾች የምንጠቀምበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደረሰ። እኔም ግሩፑ ውስጥ አለሁ፤ አየሁት። ፊቱ በእጁ ስለተሸፈነ ማን እንደሆነ አላወቅሁም። አልሳቅሁም፤ ግን አንድ ቃል አልተናገርኩም። ጣቴን አንሸራትቼ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ከሥሩ የሳቁት ብዙ ነበሩ። አብረን የምናስቀድስ ሰዎች አሉባቸው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ።

በ2022 መጀመሪያ የነበረችበት ፕሎት ውስጥ፣ ምድር ቤት የሚኖር አንድ ቤተሰብ በልጁ ምክንያት ከእሷ ጋር ተጣላ። ሽማግሌ ተባልንና ሦስት ሆነን ሄድን። ከሳሾቹን አንድ ሰዓት ያህል ሰማን፤ እሷን ግን አሥር ደቂቃ ብንሰማት ነው። ልጁን ይዛ ስለነበር ወሬው እየተቆራረጠ አስቸገረን። በመጨረሻ ተመካከርንና «እህታችን፣ ለሰላም ሲባል ቤት ቀይሪ፤ እኛም እናግዝሻለን» አልናት። እውነትም አገዝናት። ገንዘብ አዋጣን፤ ፒክአፕ ተከራየን፤ ፍራሹን በትከሻችን ተሸክመን አወረድን። ማታ እቤቴ ስገባ ደስ ብሎኝ ነበር። እዚሁ ገጽ ላይም «በመተባበር አንድ ችግር ፈታን» ብዬ ለጥፌያለሁ። ብዙ ላይክ አግኝቷል። ፈልጋችሁ ብትወርዱ ታገኙታላችሁ፤ አላጠፋሁትም።

ያን ቀን ያልጠየቅናት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ልጁ ከመጀመሪያው ቤት ምን ለምዶ እንደነበር ነው። እንደ እሱ ላለ ልጅ ቤት ማለት የተጠና መንገድ ነው። ከአልጋው እስከ በሩ ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ መብራቱ በየት በኩል እንደሚበራ፣ ሽንት ቤቱ ስንተኛ በር እንደሆነ በሁለት ዓመት ለምዶ ራሱን ችሎ ይሄድ ነበር። አዲሱ ቤት በገባ በሳምንቱ ሁሉም ነገር ጠፋው። ሱሪው ላይ መሽናት ጀመረ። እንደ ድሮው ራሱን ችሎ እስኪሄድ ስምንት ወር ፈጀ። በእነዚያ ስምንት ወራት ጩኸቱ ጨመረ፤ ጩኸቱ ስለጨመረ አዲሶቹ ጎረቤቶች ተነሱበት። ሁለተኛውን ቤት ለቀቀች። ሦስተኛው ላይ ደግሞ እንደገና ከዜሮ። እኛ «ቤት ቀይሪ» ባልናት ቁጥር ልጁን ለጎረቤት ይበልጥ አስቸጋሪ እናደርገዋለን፤ ከዚያ አስቸጋሪ ሆነ ብለን እንደገና እናስወጣዋለን።

ሁለተኛው ነገር አየዮ ናቸው። በሱማልኛ አያት ማለት ነው፤ የፕሎቱ ልጆች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው። መጀመሪያው ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩ ትልቅ ሴት ናቸው። እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ እሳቸውም መጀመሪያ በውሃው ተቆጥተው ነበር። ግን በሩን አልደበደቡም። አንድ ቀን ገብተው ተቀመጡና በስዋሂሊና በእጅ ምልክት «ይህ ልጅ ሲጮህ ምን ማለቱ ነው?» ብለው ጠየቋት። እሷም አስረዳቻቸው። በማግስቱ ሁለት ባዶ ጀሪካን ይዘው መጡና ልጁን ከቧንቧው ሥር አቆሙት። ጀሪካኑ ሲሞላ እጁን ይዘው ቧንቧውን አዘጉት። እንደገና፣ እንደገና። በአንድ ወር ውስጥ ያ ልጅ ውሃ በሚመጣበት ቀን የፎቁን ሰው ጀሪካን ሁሉ የሚሞላው እሱ ሆነ። የሚወደውን ድምፅ ይሰማል፤ ሲሞላ ይዘጋል። አንድ ጠብታ አይፈስም። የልጅ ልጆቻቸውንም እንዳያሾፉበት የገሠጿቸው እሳቸው ናቸው።

እኛ ሽማግሌዎቹ ልጁን በፒክአፕ ጭነን የወሰድነው ከእኚህ ሴት ጎን ነው። የተጣላት ምድር ቤት ያለው ቤተሰብ ነበር፤ የእሷ ፎቅ ሰላም ነበር። ብንጠይቃት ትነግረን ነበር። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ማክሰኞ ነው፤ በስልክ ስናወራ በመሃል «አየዮ ቢኖሩልኝ» ስትል ማን ናቸው ብዬ ጠየቅኋት።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው፤ ያልተስማማችሁ ተከራከሩኝ። ለተበደለ ቤተሰብ ቤት መቀየር ሽምግልና ሊባል አይገባውም። በር የደበደበው ሰው የፈለገው እንዲወጡለት ነበር፤ እኛ ዕቃቸውን ተሸክመን አወጣንለት። ሁላችንም ደግሞ የሆነ ቦታ «እዚህ አትፈለጉም» ተብለን የመጣን ሰዎች ነን።

አንዳንዶቻችሁ ውስጥ ውስጡን የምታወሩትንም ላንሳ፤ ኢንቦክሴ ውስጥ እየገባ ነው። «በልጁ ኬዝ ልትሄድ ነው፤ ለዚህ ነው ጠቡን የምታጋግለው» የምትሉ አላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ የስደተኛ ቅበላዋን ካቆመች ወዲህ ስንቱ ሰው በረራ ሲጠብቅ ቀልጦ እንደቀረ አውቃለሁ። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። የተስፋ በር ሲጠብ ሰው የጎረቤቱን ችግር ሳይቀር በምቀኝነት ማየት ይጀምራል፤ ይህን በራሴ አይቻለሁ። ግን እውነቱን እንወቅ። ዩኤን ሰው ለሦስተኛ አገር የሚያቀርብባቸው መስፈርቶች ሰባት ናቸው፤ አካል ጉዳት ብቻውን ከሰባቱ አንዱ አይደለም። ልጄ ኦቲዝም አለው ስላለ ብቻ አውሮፕላን የሚሳፈር የለም። እስቲ ደግሞ አስቡት፦ ለኬዝ ብላ ነው ከተባለ፣ ስምንት ወር ሙሉ የአሥራ ምናምን ዓመት ልጅ ሱሪ ያጠበችው ለማን ለማሳየት ነው?

«ምን ኃጢአት ብትሠራ ነው» የሚሉም አሉ። ወንጌል የምታነቡ ይህ ጥያቄ ዓይነ ሥውር ሆኖ ስለተወለደው ሰውም ተጠይቆ ምን መልስ እንዳገኘ ታውቃላችሁ፤ እኔ አልደግመውም። እሷ አዲስ አበባ ሳለች እንጦጦ ጠበል ወስዳዋለች፤ አትቆጭበትም፤ ዛሬም ማታ ማታ ትጸልይለታለች። የሷን እምነት እሷው ታውቃለች። ጎረቤት ግን በሷ ጸሎት ስም በር የመደብደብ ሥልጣን የለውም።

ለምን ፖሊስ ጋ አልሄደችም ለምትሉ፣ መልሱን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 ኢስሊ ሲታፈስ፣ ሰው ካሳራኒ ስታዲየም ሲታጎር የነበራችሁ አላችሁ። ከዚያ በኋላ ከኛ ውስጥ ዩኒፎርም አይቶ መንገድ የማይቀይር ጥቂት ነው። ቢሆንም ሕጉ ከእኛ ፍርሃት ሰፋ ያለ ነው። የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ፣ አካል ጉዳት ያለበት ሰው በክብር የመያዝ፣ የሚያዋርድ ስምም ያለመጠራት መብት አለው ይላል። ዜጋ የሆነ ብቻ አይልም፤ ማንኛውም ሰው ነው የሚለው። በ2025 ደግሞ የ2003ቱን የአካል ጉዳተኞች ሕግ የተካ አዲስ ሕግ ወጥቷል። «ጅሉ» እያሉ ደረጃ ላይ መከተል የሰፈር ቀልድ ይመስለናል፤ የዚህ አገር ትልቁ ሕግ ግን በቃል ጠቅሶ ያነሳው ነገር ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማስመዝገብ በሕጉ በነፃ ነው። ሲመዘገብ ኦቢ ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩን ሳትይዙ አትውጡ። ገንዘብ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ እኔም ተጠይቄ አውቃለሁ። ስለዚህ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ስዋሂሊ አጥርቶ የሚናገር ሰው፣ ማንዴታችሁን ወይም ኤሊየን ካርዳችሁን፣ ቀኑን የጻፋችሁበት ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። ቪዲዮውንም አታጥፉ። ግን ለማንም አትላኩ፤ ለእኔም ቢሆን። በስልካችሁ ካለ ማን መጀመሪያ እንደለጠፈው ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙልን። ኦቢ ቁጥር ነገ ጠዋት ሰው አያሳስርም፤ ይህን ሳልነግራችሁ ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። የሚጠቅመው፣ ነገሩ የጎረቤት ንትርክ ተብሎ እንዳይታለፍ በቀኑ በሰዓቱ ተጽፎ መቀመጡ ነው። ሌላ ቢሮ ስትሄዱም የመጀመሪያው ጥያቄ «ኦቢ አላችሁ?» ነው።

ውጭ አገርና አገር ቤት ያላችሁ ዘመዶች፣ ይህን ለእናንተም ነው የምጽፈው። የእናትየዋ እህት ሪያድ ነው የምትሠራው፤ ሰው ቤት። ነገሩን እንደሰማች ገንዘብ ልካ «ቶሎ ብለሽ ሌላ ቤት ፈልጊ» አለቻት። ከየት አምጥታ እንደላከች እኔ አውቃለሁ፤ እጇን መሳም ነው የሚገባኝ። አጎቷ ደግሞ ከደሴ ደውለው «ልጁን አምጪልንና ዘመድ ጋ ይቀመጥ፤ አንቺ እዚያ ዕድልሽን ሞክሪ» አሏት። ሁለቱም ከፍቅር ነው። ሁለቱም ግን ችግሩ ልጁ የቆመበት ቦታ እንደሆነ አድርገው ነው የሚያዩት። እባካችሁ የመልቀቂያ ገንዘብ አትላኩ። መላክ ከቻላችሁ በሩን ከውስጥ ለመሸፈኛ የሚሆን ወፍራም ስፖንጅ፣ ለልጁ ጆሮ ድምፅ የሚከለክል መሸፈኛ፣ ሁለት ጀሪካን የሚገዛ ይበቃል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስልክ ስትደውሉ «ልጁ እንዴት ነው?» በሉ። ዘመዶቿ ስለ ቤቱ፣ ስለ ኬዙ፣ ስለ ሥራው ይጠይቋታል፤ ስለ ልጁ የሚጠይቅ የለም አለችኝ።

ዘሚ የኑስን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ትምህርት ቤቶች ኦቲዝም ያለበትን ልጇን አልቀበልም ሲሏት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ለእሱና ለመሰሎቹ ማእከል ከፈተች። ስለ ኦቲዝም በአገራችን ሚዲያ ደጋግማ በመናገሯ ስንት እናት የደበቀችውን ልጅ ይዛ ወጣች። ሁሉም እናት ዘሚን መሆን አይችልም። ይህችኛዋ በቀን ስምንት ሰዓት ሳሙና ውስጥ እጇን ነክራ ልብስ አጥባ የምታድር ናት፤ ማእከል ክፈቺ የሚላት የለም። በሯን የማይደበድብ ጎረቤት ነው የምትፈልገው።

ሐሙስ ማታ አበልጄ ቤት ሄድኩ። ለመጣላት ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ እውነቱን ለመናገር። ልጁ፣ የክርስትና ልጄ፣ ሮጦ መጥቶ ጉልበቴን አቀፈኝ። ቡና ተፈላ። ወረቀቱን አነሳሁ።

«እኔ የፈረምኩት ለውሃው ነው» አለኝ። «ታንከሩ ባዶ እየሆነ ተቸገርን፤ ቧንቧው ላይ ቁልፍ ይደረግልን ብለን ነው።»

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። ፎቶውን ከስልኬ አውጥቼ መስመር በመስመር ተረጎምኩለት። ስለ ቁልፍ የሚል ነገር የለበትም። ቤተሰቡ ይውጣልን ነው የሚለው። ዝም አለ። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «ነግሬህ ነበር» አለች። እሱ ግን ቀና ብሎ «አንተ ሌሊት አትሰማውም፤ አንተ እዚያ አትኖርም» አለኝ። ልክ ነው። አልኖርም። መልስ አልነበረኝም፤ ስለ አየዮና ስለ ጀሪካኑ ብቻ ነገርኩት።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከእናትየዋ ጋር ቺፍ ቢሮ እንሄዳለን። ማስጠንቀቂያው ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጣት፣ ውሃውም በሰዓት እንዲከፋፈል፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ቺፉ ባለበት እንድንነጋገር እንጠይቃለን። ከዚያ ወደ ጣቢያው። በሩ ሲደበደብ ያየ ወይም የሰማ ሦስት ሰው ያስፈልገናል። አንድ ኬንያዊት ጎረቤት እመጣለሁ ብላለች፤ እሷ ከሥራ ቀርታ ነው የምትመጣው። ሁለት ቀረን። ከፎቁ ሐበሾች አንድ ሰው ቢቆምላት ከኔ ከውጪው ሰው አሥር ጊዜ ይሻላል። የምትመጡ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ኮመንት ላይ አይሁን። ከፈረሙት መካከል ፊርማውን ለማንሳት የሚፈልግ ካለ አንድ መስመር በስዋሂሊ አዘጋጅቻለሁ፤ መፈረም ብቻ ነው።

አበልጄ በር ድረስ ሸኘኝ። ደረጃው ላይ ቆመን ሳለ ከላይ የልጁ ማንጎራጎር ይሰማ ነበር፤ ማንጎራጎሩ እንጂ ጩኸቱ አልነበረም። «ይሄኛው ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደስ ብሎታል ማለት ነው አልኩት። ሰኞ ይምጣ አይምጣ አልነገረኝም።